ከልጁ የቀደመ ሾርባ

ሴሪም ፍሪዘሩን የጠላችው ገና ደረጃውን ሲወጣ ነው። ዱቻን ከአሮጌ ዕቃ ተራ ገዝቶ፣ ከታች ቤቱ ጎረቤት ጋር በገመድ ጠፍረው እያቃሰቱ ሲያወጡት፣ እሷ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«የት ሊቀመጥ ነው ይሄ?» አለች።

ዱቻን ላቡን በክንዱ ጠረገና የመኝታ ክፍሉን ጥግ አሳያት። ለልጃቸው አልጋ ያሰቡትን ጥግ።

«አልጋውን በመስኮቱ በኩል እናደርገዋለን። እዚህ ከሆነ ከፍራሽሽ ብዙም ሳትነሺ እጅሽ ይደርሳል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ነጭ ሣጥን እዚያ ቆሞ ሲያጉረመርም ይውላል። ዱቻን ከወደብ በተመለሰ ቁጥር አንድ ነገር ያበስላል፤ ያቀዘቅዛል፤ በፕላስቲክ ዕቃ እያሸገ ይከታል። የአጥንት መረቅ፣ የዱባ ገንፎ፣ በአኩሪ አተር መረቅ የበሰለ ሥጋ። በየክዳኑ ላይ በወፍራም ብዕር «አሙቂው እንጂ አታማስዪው»፣ «ይሄን ሳትጨርሺ እንዳትተኚ» እያለ ይጽፍበታል። ሰው ቢያይ ምን የታደለች ሴት ናት ይላል። ሴሪም ግን ክዳኑ በተዘጋ ቁጥር ሆድ ይብሳታል። እያንዳንዱ ዕቃ እሱ የማይኖርበት አንድ ቀን ነው። ፍሪዘሩ እየሞላ በሄደ መጠን ቤቱ እየጎደለባት መጣ።

ዱቻን የዓሣ መርከብ ሞተረኛ ነው። መርከቡ ወደ ሩቅ ባሕር ከወጣ ወራት ይቆያል፤ ልጅ ደግሞ መርከብ አይጠብቅም። ሕጉ ሚስቱ የወለደችለት አባት ፈቃድ ያገኛል ይላል። የሕጉ አርቃቂዎች ግን የዓሣ መርከብ ላይ ቆመው አያውቁም። የመርከብ ባለቤት ፈቃድ የጠየቀውን ሰው አይከለክለውም። «ሂድ፣ ከሚስትህ ጋር ሁን» እያለ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል፤ በሚቀጥለው ወቅት ስሙን አይጠራውም። በቃ ይኸው ነው። ይህን ግፍ በስሙ የሚጠራው ሰው ጠፍቶ ወደቡ ሁሉ «ምን ይደረግ፣ ሙያው ነው» ይላል። ዱቻንም «ሙያው ነው» አለ። ሴሪምም «ሂድ እንጂ፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» አለችው። እንዲህ ስትለው ፊቱን አላየችውም። አይታው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ እዚያው ያበቃ ነበር።

በአገራቸው አራስ የምትታረሰው በእናቷ እጅ ነው። የዱቻን እናት ሞተዋል። የሴሪም እናት ሴኡል ናቸው፤ እንደ ኩርፊያቸው ከሆነ ሴኡል ከመቃብር ይርቃል።

እናቷ፣ ወይዘሮ ሜንግ፣ የትልቅ መድኃኒት ቤት ባለቤት ናቸው። ሴሪምን በዚያው ሙያ አስተምረው ለሐኪም ሊድሯት አስበው ነበር። እሷ ግን ለአንድ ክረምት የእናቷን ወዳጅ መድኃኒት ቤት ልትጠብቅ ወደዚህ የወደብ ከተማ፣ ወደ ሞክፖ ወርዳ፣ የሞተር እንፋሎት ያቃጠለውን እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የገባ ሰው አገኘች። ቁስሉን ስታጥብለት አንዴም አላቃሰተም፤ አንዴም ዓይኑን ከፊቷ ላይ አላነሳም። ከዳነ በኋላም ፋሻ ሊገዛ ይመላለስ ነበር። ወይዘሮ ሜንግ ሰርጉ ላይ አልተገኙም። «የዓሣ ሽታ ለብሶ በበሬ እንዳይገባ» ማለታቸው በሰው በሰው ዱቻን ጆሮ ደረሰ። ሴሪም ማርገዟን ሲሰሙ በአክስቷ በኩል መልእክት ላኩ፦ እዚህ ጥሩ የአራስ ማረፊያ ይዤላታለሁ፤ ብቻዋን ትምጣ። ሴሪምም በዚያው በአክስቷ በኩል መለሰች፦ ብቻዬን አላረገዝኩትም በያት።

ከዚያ ወዲህ በእናትና በልጅ መካከል ድምፅ የለም።

ዛሬ ጠዋት ዱቻን የቀረውን፣ ዋነኛውን ነገር አመጣ። የአራስ ሾርባ የሚሠራበት የባሕር ቅጠል። ከሰው ወገብ በላይ የሚረዝም፣ ደርቆ የጠቆረ እስር ነው። ለአራስ ሲሆን ሻጯ አታጥፈውም፤ ገዢውም ዋጋ አይከራከርባትም። ቤት ከገባም በኋላ ልጁ እስኪወለድ አይሰበርም፣ አይቆረጥም፤ ምጡ እንዳይከፋ ነው የሚባለው። ዱቻን አውቶቡስ ውስጥ እንደ ጦር አቁሞ ይዞት ሲመጣ ሰው ሁሉ እየሳቀ መንገድ ለቀቀለት። አንዲት አሮጊት «አባት ልትሆን ነው? ና ተቀመጥ ልጄ፣ ከአሁኑ እረፍ፣ በኋላ አታገኘውም» ብለው ወንበራቸውን ሊለቁለት ነበር።

ይህን እያሳቀ ነገራት። ከዚያ መቀስ አነሳ።

ሴሪም ከወጥ ቤቱ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ወጥ ቤቱ ስትመላለስ ነበር ያረፈደችው። ወገቧ ይከብዳታል፤ ብትቀመጥ ልጁ ይራገጣል፤ ብትቆም እግሯ ያብጣል። የመቀሱን ድምፅ ስትሰማ ዞረች።

«አንተ! ምን እያደረግክ ነው?»

«እየቆረጥኩ።»

«አይቆረጥም አላለችህም ሻጯ?»

«ደጋግማ ነው ያለችኝ። በጣቷ ሁሉ አስፈራርታኛለች።» መቀሱ አልቆመም። «እናንተ መድኃኒት አዋቂዎች ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በባሕር ቅጠል ማመን የጀመራችሁት?»

«እኔ መች አምናለሁ? አንተ ነህ የምታምነው። አውቶቡስ ሙሉ ሰው እያሳቅክ አቁመህ ያመጣኸው አንተ ነህ።»

«አምናለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ማን ይቆርጥልሻል?»

ብሎ የቆረጠውን ውኃው ውስጥ ከተተ። ቃሉ እንዳመለጠው ያውቃል።  የተቆረጠው ቅጠል ውኃ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ አረንጓዴ ሲሆን ሁለቱም ሌላ የሚታይ ነገር የሌለ ይመስል እሱኑ አዩ።

ሾርባው ደርሶ፣ በየዕቃው ተቀድቶ ጠረጴዛው ላይ ሲቀዘቅዝ ስልኩ ጮኸ። የካፒቴኑ ድምፅ ለሴሪም ሳይቀር ይሰማል።

«ዱቻን! ዓሣው ቀድሞ ገብቷል። ዛሬ አሥር ሰዓት እንወጣለን።»

«ዛሬ? ሌላ ሳምንት አለን ብለኸኝ አልነበር?»

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለዓሣው ንገረው!»

ዱቻን ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ መልሶ አወጣው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጃኬቱን ከግድግዳው አንስቶ አንዱን እጅጌ ብቻ እንዳጠለቀ ቆመ።

«ወደብ ደርሼ ላናግረው።»

«ምን ብለህ?»

«እንጃ።» ትክ ብሎ አያት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሴሪም ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ዕቃዎች አየች። የምትለው ነበራት፤ አፏ ግን ሌላ ተናገረ።

«እኔ ምን እላለሁ? ሂድ። ይኸው ሾርባህ አለ።»

ሁለተኛውን እጅጌ አጠለቀና ወጣ። ዱካው ደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ ሴሪም እስከ በሩ ተከተለችው፤ በሩን ግን አልከፈተችውም። ብረቱ እስኪቀዘቅዛት ግንባሯን አስደግፋ ቆመች፤ ንዴቷ ግን አልበረደላትም።

*

በሩ ሲንኳኳ የመጣ መሰላት። እየተንደረደረች ከፈተች።

በመጀመሪያ ያየችው በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነው። ከወረቀቱ ጫፍ ጥቁር የባሕር ቅጠል ብቅ ብሏል። ከኋላው፣ በዚያ ሁሉ ዳገት ትንፋሻቸው የተቆራረጠ፣ የተሠራ ጸጉራቸውን ነፋስ ያበላሸባቸው ወይዘሮ ሜንግ ቆመዋል።

«ምን ያፈዝሻል?» አሉ። «ያዢልኝ እንጂ። እንዳታጥፊው!»

«እማዬ?»

«ባቡሩ ውስጥ የሚሆንበት ቦታ ጠፍቶ ከሴኡል እስከዚህ እንደ ባንዲራ ተሸክሜው ነው የመጣሁት። ባንዲራ የሚያዘውስ ለበዓል ነው። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ፎቶ አነሳኝ። ውኃ ስጪኝ።»

ሴሪም ቅጠሉን ተቀብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ከሰርጓ ቀን ጀምሮ ስትለማመደው የኖረችው ንግግር ነበራት፤ እናቴ በበሬ ብትመጣ እንዲህ እላታለሁ የምትለው፤ ረጅም፣ የተሳለ። አንድም ቃል አልመጣላትም። ውኃ አመጣችላቸው።

ወይዘሮ ሜንግ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት፤ ለመዞር ብዙም አልፈጀባቸው። ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሷ አዩና ዓይናቸው ባበጠው እግሯ ላይ ቆመ።

«ጨው ትበያለሽ።»

«እማዬ፣ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ተጠርቼ ነው የመጣሁት።»

«ማን ጠራሽ?»

«ባልሽ ነዋ።» ውኃውን ጠጡ። «ስልኩን ዘጋሁበት፤ ደገመ። ዘጋሁበት፤ ደገመ። ሠራተኞቼ ስልክ ሲጮህ ‹ሰውዬው ነው› ማለት ጀመሩ። ትናንት ደግሞ ‹ሲወጡ ይስደቡኝ፤ ሲገቡ ይስደቡኝ፤ ብቻ እሷ ስታምጥ እዚያ ይሁኑ› አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚለምን?»

የሴሪም ፊት ጋለ። ዱቻን እናቷን ለመነ! የዓሣ ሽታህን ይዘህ እንዳትገባ ያለችውን ሴት፣ ከጀርባዋ፣ በየቀኑ ሲለምን ከርሟል። ፍሪዘሩን ሞላ፤ እናቷን ጠራ፤ አሁን ደግሞ አሥር ሰዓት ላይ ይሄዳል። ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን ለጎረቤት አደራ እንደሚሰጥ እሷንም አስረክቧታል ማለት ነው።

«ልብስሽን አዘጋጂ» አሉ ወይዘሮ ሜንግ። «ለማታው ባቡር እንደርሳለን። የአራስ ማረፊያው ዛሬም ክፍት ነው፤ ባለቤቷን አውቃታለሁ።»

«አልሄድም።»

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እሱ ባሕር ላይ ነው።»

«የምበላው አለኝ» አለች ሴሪም፤ ቃሉ ለራሷም መረራት።

ወይዘሮ ሜንግ ይህን ሲሰሙ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። አንዱን ክዳን አነሱ። አሸተቱት። ከዚያ ማንኪያ አንስተው ውስጡን ሲፈትሹ የፊታቸው ቀለም ተለወጠ። ወጥ ቤቱ ውስጥ የቀረውን ቁራጭና መቀሱን አዩ።

«ማነው የቆረጠው?»

«ዱቻን።»

«የአራስ ቅጠል? ልጁ ሳይመጣ? ልጄ ምጥ ላይ ሳትቀመጥ በመቀስ?» ድምፃቸው ደረጃው ድረስ ሄደ። «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው? እናት አላሳደገችውም?»

«እማዬ፣ አንቺ የመድኃኒት አዋቂ አይደለሽ? ሰው ‹ቅጠል አሻለኝ› ሲልሽ ከሱቅሽ ስታባርሪ አልነበር?»

«አባርራለሁ! የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን አባርራለሁ።» ማንኪያውን ወረወሩት። «የራሴ ስትሆኚ ግን አላውቅም። የራሴ ስትሆኚ ሁሉንም አምናለሁ፤ ቅጠሉንም፣ ጠንቋዩንም፣ ሁሉንም። ገባሽ?»

እኒህ ሴት ይህን ሲሉ ይሰማሉ ብሎ ማን ያስባል? በሐኪሞች መካከል ኖረው፣ ሐኪም አማች ፈልገው፣ ልጃቸውን በሙያ ኩራት ሲቀጡ የኖሩ ሴት! የተማረ ሰው ፍርሃቱን የሚደብቀው በትምህርቱ ስር ነው፤ ከድህነት ይልቅ ሰውን የሚለያየው ይህ ድብብቆሽ ነው። ይህ ሁሉ ፍቅር የት ነበር ሰርጓ ቀን? ሴሪም ልትጠይቃቸው ፈለገች። ልታቅፋቸውም ፈለገች። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲመጡባት አንዱንም ሳታደርግ ወደ መኝታ ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋችው፤ እዚያ ውስጥ እንደ ልጅነቷ ትንሽ ሆና ተሰማት።

*

ዱቻን ካፒቴኑን ምንም ሳይለው ከወደብ ሲመለስ በመጀመሪያ የሰላምታ እጅ የነሳው ከሴኡል ለመጡት አማቱ ነው። እሳቸው በዓይናቸው ብቻ የተዘጋውን በር አሳዩት። ከበሩ ወዲያ የሚጋጭ ነገር ይሰማል።

ገባ። ሴሪም ፍሪዘሩን ከፍታ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች ወለሉ ላይ ትቆልላለች። ከስሩ በሚያልፈው ሙቅ ውኃ ወለሉ እንደ ወትሮው ሞቋል፤ በረዶው ከየዕቃው ላይ መንጠባጠብ ጀምሯል።

«ውሰዳቸው!» አለችው ሳትዞር። «መርከብህ ላይ ብላቸው። ለካፒቴንህ አብላው።»

ዱቻን በጉልበቱ ተንበረከከና አንዱን ዕቃ አንስቶ ወደ ፍሪዘሩ መለሰው። እሷ አወጣችው። መለሰው።

«ይቀልጣል እኮ» አለ።

«ይቅለጥ!»

«ከቀለጠ ተመልሶ አይቀዘቅዝም። ይበላሻል።»

«አንተ ሰው!» ሴሪም መሳቅ ቃጣት፤ በመሳቋ ይበልጥ ተናደደች። «እኔ እየሞትኩ አንተ ስለ ሾርባ ታወራለህ! እናቴን ለምነሃታል?»

«ለመንኳት።»

«ያን ሁሉ ብላህ?»

«እግር ላይ መውደቅ በስልክ አይቻልም እንጂ እወድቅ ነበር።»

«ማን ለምንልኝ አለህ? እኔ ኩራቴን ይዤ ቁጭ ብዬ፣ አንተ በየቀኑ...» ድምጿ ተሰበረ። «አስረከብከኝ። ሣጥን ሞልተህ፣ ዘበኛ ቀጥረህ፣ አስረክበኸኝ ልትሄድ ነው። እሺ፣ ደግ፣ ሂድ! ግን ይሄን ሁሉ ፍቅር አትበለው።»

ዱቻን እጁ ላይ የነበረውን ዕቃ ይዞ ቀረ። ቅዝቃዜው ጣቶቹን ያቀላ ጀመር፤ እሱ ግን አላስቀመጠውም።

«እናቴ እኔን ስትወልድ ብቻዋን ነበረች» አለ። «አባቴ ባሕር ላይ ነበር። ነፋስ ስለነበር ከዋናው ምድር ወደ ደሴታችን አዋላጅ የሚያመጣ ጀልባ አልመጣም። ቅጠሉ ግድግዳው ላይ እንደ ደንቡ ተሰቅሎ ነበር፤ ሳይታጠፍ፣ ሳይቆረጥ። እንደወለደችኝ ተነሳች። በአንድ ክንዷ እኔን ይዛ፣ በሌላው እጇ ቢላ ይዛ፣ ራሷ ቆረጠችው። ራሷ ቀቀለችው። ራሷ በላችው።»

የሴሪም የተዘረጋ እጅ አየር ላይ ቀረ።

«በየልደቴ እንደ ወጉ ያንኑ ሾርባ ስታቀርብልኝ ይቺን ነገር ትነግረኝ ነበር። እየሳቀች። እንደ ጨዋታ። ‹እንዴት እንደጮህክ! ሾርባው ውስጥ ልትገባ ነበር እኮ› ትለኛለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቃል። እኔ አንድም ቀን አልሳቅኩም።» ዕቃውን አስቀመጠው። «ደንቡ ተጠብቆ ነበር፣ ሴሪም። ያልነበረው ሰው ነው። አንቺ ቢላ እንዳትይዢ ብዬ ነው የቆረጥኩት። እኔ ከሌለሁ ቢያንስ ተነስተሽ እንዳትቆርጪ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?»

«ሂድ አልሽኛ!»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸባት። ጮኾባት አያውቅም ነበር።

«መቼም ስጠይቅሽ ሂድ ነው መልስሽ። ዛሬ ጠዋት እንኳ ምን ትያለሽ አላልኩሽም? ሂድ አልሽኝ።»

«ያ ጥያቄ ነው?»

«ለኔ ጥያቄ ነው! ከዚያ በላይ እንዴት ልጠይቅሽ? ያ ሁሉ ነገር ያለበትን ቤት ትተሽ መጣሽ። ሥራ የፈታ ባል ቤት ተጎልቶ ስታዪው ‹እናቴ እውነቷን ነበር› እንድትዪ ነው? ሂድ ስትዪኝ፣ አታስፈልገኝም፣ ገንዘብህን ላክ ያልሽኝ ነው የሚመስለኝ።»

«እኔ ሂድ የምልህ እንዳልከብድህ ነው!» ሴሪም ደረቱን በጡጫዋ መታችው፤ ደካማ ምት ነበር። «የሴኡል ቅምጥል አገባሁ፣ አትችልም፣ አትጸናም ብለህ እንዳታስብ ነው። ሌሎቹ ሚስቶች ሁሉ ይችሉታል አይደል? እኔም ልቻለው ብዬ ነው። አልቻልኩትም! ይሄ ሣጥን ሲያጉረመርም ቀኑን ሙሉ እሰማዋለሁ። የገንፎህን ክዳን አይቼ አለቅሳለሁ። ማንም አይችለውም፤ የሚችሉ መስለው ነው እንጂ!»

ተያዩ። ስንት ወር ሙሉ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተው፣ አንዱ የሌላውን ሸክም ላለመጨመር ብሎ የየራሱን ጉድጓድ ሲቆፍር ከርሟል። ቻይነት ይሉታል ይህን። ለሴት ልጅ ሲሆን ያሞግሱታል፣ ለወንድ ሲሆን ሐውልት ያቆሙለታል፤ ውስጡ ግን ከውሸት በስተቀር ምንም የለበትም።

ሴሪም ባደገችበት ቤት ሰው ይለመናል እንጂ አይለምንም። ሰርጓ ቀን እንኳ ስልኩን በእጇ ይዛ ውላ «እማዬ ነዪ» ማለት አልሆነላትም ነበር። አሁን ግን በዱቻን ጃኬት ላይ ተንጠላጥላ፣ ሕፃን ሳለች ካልሆነ ብላው የማታውቀውን ቃል አለችው።

«አትሂድ።»

አልሰማም መሰላት።

«አትሂድ፣ ዱቻን። እለምንሃለሁ። ደሃ እንሁን። አትሂድብኝ።»

ዱቻን በአንድ እጁ እሷን እንደያዘ በሌላው ስልኩን አወጣ።

«ካፒቴን? አልመጣም።»

«ምን?»

«ሚስቴ ልትወልድ ነው።»

«የምትወልደው እሷ! አንተ እዚያ ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?»

«ሾርባ አሞቃለሁ።»

ካፒቴኑ ለጽሑፍ የማይመች ነገር ተናገረ። ከዚያ «በሚቀጥለው ወቅት እንዳትደውልልኝ» አለ።

«እሺ» አለ ዱቻን። ስልኩን ዘጋና ለረጅም ጊዜ ጥቁር መስታወቱን አየው።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ወይዘሮ ሜንግ እዚያ መቆማቸውን ሁለቱም ያወቁት ሲያስሉ ነው። ዓይናቸው ቀልቷል፤ አገጫቸውን ግን እንደ ወትሮው ከፍ አድርገዋል።

«ሥራህን ለቀቅክ ማለት ነው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«እናትህ አይደለሁም።» ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ሞኝ ነህ። ሰው ልጅ ሊወልድ ሲል ሥራ ይይዛል እንጂ ይለቃል? ልጄን ለሞኝ ሰጠሁ።»

ሴሪም ቀና አለች። «አልሰጠሽውም እኮ፣ እማዬ። ሰርጉ ላይ አልነበርሽም።»

«አሁን ምን ላድርግ ታዲያ?» አሉ ወይዘሮ ሜንግ። «ዘግይቼም ቢሆን ሰጠሁ። አሁን ያንን ከወለሉ ላይ አንሱ፤ ቤቱ ኩሬ ሆነ!»

ወጥተው ሄዱ። ወጥ ቤቱ ውስጥ አፍንጫቸውን ሲናፈጡ፣ ሲያጉተመትሙ፣ ድስት ሲያጋጩ ተሰሙ። ዱቻን ተንበርክኮ ዕቃዎቹን መልሶ መደርደር ጀመረ። ሴሪም መጎንበስ ስለማትችል በእግሯ ጣት ወደ እሱ እየገፋች ታቀብለዋለች።

ከወደቡ የመርከብ ጡሩምባ ተሰማ፤ ረጅም፣ ዝቅ ያለ። ዱቻን ወደ መስኮቱ አልዞረም። ጀርባው ግን፣ የሚያውቀው ሰው ስሙን እንደጠራው ሁሉ፣ ግትር አለ። ሴሪም አየችው። ሰዎቹ ያለ እሱ ገመድ እየፈቱ ነው፤ ሌላ እጅ በሞተሩ ላይ ነው፤ ነገ ምን እንደሚበሉ፣ ከነገ ወዲያ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም።

«ቆጨህ?» አለችው።

የያዘውን ዕቃ አስቀመጠ። ውሸት ሊነግራት ሲያስብ አፉ ሲከፈት አየች፤ መልሶ ሲዘጋውም አየች።

«ፈራሁ» አላት። «መውለድሽንም፣ ልጁንም፣ ነገንም። ከእግሬ ጀምሮ ነው የፈራሁት።»

ሴሪም ወገቧን ይዛ ቀስ እያለች ከጎኑ ወለሉ ላይ ወረደች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው፤ ለስንት ወር ሳታየው የከረመችውን ፊት። ልጁ በመካከላቸው ሲገላበጥ ሁለቱም ተሰማቸው።

«እኔም እኮ ፈርቻለሁ» አለችው። ይህን ስትል እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ልቧ ግን እንደዚያ ቀን ቀሏት አያውቅም።